ያጣጣልኩት ቤት

መርካቶ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ብርድ ልብስና አንሶላ ሸጫለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የወደድኩትን ዕቃ ወደድኩት ብዬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሰው ዕቃ ሲወድ ይሰድበዋል። ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አንዴ ቢታጠብ ወንፊት አይሆንም?» ይላል። ሻጩ አይቀየምም። «ሂጂና ከዚህ የተሻለ ካገኘሽ በነፃ ውሰጂ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ጥለሽው ትሄጃለሽ፤ ግን ቀስ ብለሽ። ሦስት አራት ሱቅ ሳታልፊ ከኋላሽ «ነይ እስቲ፣ ተመለሽ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እኔ በዚህ አነጋገር ልጆቼን አሳድጌያለሁ፣ ሴት ልጄን ድሬያለሁ፣ ሱቄን ከአንድ በር ወደ ሁለት በር አስፍቻለሁ። ባሌን የገደልኩትም በዚሁ ነው።

ሰው ይህን ስናገር ሲሰማኝ «ኧረ እንዲህ አይባልም፣ ቀኑ የአላህ ነው» ይለኛል። ቀኑ የአላህ መሆኑን አላጣሁትም። ምላሱ ግን የእኔ ነበር።

ባሌ ያረጀው እህል በረንዳ ነው። ጤፍ ሲያስራግፍ፣ ሲያስመዝን፣ ሲያስጭን ዕድሜው አለቀ። ቤት ሲገባ ቅንድቡና ጺሙ በብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር የሚገባው። እኔም «መጣ ደግሞ፣ የወፍጮ ቤት አይጥ» እለዋለሁ። እሱ ይስቅና ውሃ ይጠይቃል። ብናኙ ከቅንድብ ይታጠባል፤ ከሳንባ እንደማይታጠብ ግን የነገረን አልነበረም።

ሳሉ ሲጀምረው ክረምት ክረምት ብቻ ነበር። በኋላ በጋውንም ተጋራው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ተጋድሞ መተኛት አቅቶት፣ ከሱቄ ባመጣሁለት ሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር የሚያንቀላፋው። ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ የገበያ ወር ነው፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር ብርድ ልብስ ይነሣል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ክረምቱ ሲዘገይ ይከፋኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር «የዘንድሮስ ብርድ ደህና ነው» እየተባባልን እንስቃለን፣ እሱ ቤት ውስጥ ትንፋሹን ይፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ እሱን ውጭ አስቀመጠና ለብቻዬ አነጋገረኝ። «እትዬ፣ መድኃኒቱ የሚችለውን እያደረገ ነው። የአዲስ አበባ ብርድም ከፍታም ለእሳቸው አልሆነም። ቢያንስ ክረምቱን ቆላ ቢያሳልፉ ጥሩ ነው። እዚሁ ሌላ ክረምት ከደገሙ ግን እፈራለሁ» አለኝ። ጣቴን አጠፍኩ። ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር አለ። በአምስት ወር ውስጥ ስንት ዕቃ ገዝቼ አውቃለሁ፣ አንድ ቤት እንዴት ያቅተኛል ብዬ ወጣሁ።

ልጄ «ለምን አትከራዩም?» አለች። እኔ ኪራይ የሚባል ነገር አይዋጥልኝም፤ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «በሰው ቤት ሳል ያሳፍራል» አላት። ስለዚህ ልንገዛ ተነሣን። ክረምት በመጣ ቁጥር ሱቁን ለልጄ ትተን የምንወርድበት፣ እሱ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ እኔም በእርጅናዬ አንዴ እንኳ ሥራ ፈትቼ የምቀመጥበት ማረፊያ ቤት።

ምርጫው መጀመሪያ ላይ አሳቀን። ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤቴ «ሙቀት ከሆነ የፈለጋችሁት መተሐራ ነው፣ ሌላ ቦታ አትድከሙ» አለ። ሌላው ሶደሬ፣ ሌላው አዋሽ ይላል። ሁሉም የሚያውቀው ደላላ አለው፣ ደላላው ሁሉ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል። አዋሽ ላይ ያየነው ቤት በፎቶው ሳሎኑ ኳስ ያጫውታል፤ ሄደን ብናየው አልጋ ከገባ ሰው አይገባም። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ሻዩም ጨው ጨው አለ። ባሌ «ቤቱን ተዉትና ፎቶ ያነሣውን ሰው ሽጡልን» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲህ እንዲህ ስንል የካቲትና መጋቢት አለቁ። ሚያዝያም ገባ።

ድሬዳዋ ያለው ቤት የተገኘው በግንቦት መጀመሪያ ነው። በባቡር ወረድን። አዋሽን ስናልፍ ባሌ ጃኬቱን አወለቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡን፤ ከዚያ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። እኔ በመስኮት ግራሩንና ቀዩን አፈር የምመለከት መስዬ ትንፋሹን እሰማለሁ። የተለመደው ፉጨት እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ምንም አላልኩትም። «እንደ ሽንኩርት ተላጥክ እኮ» ብቻ አልኩት።

ቤቱን ያገኘልን የድሬ ደላላ ከጣቢያ ተቀብሎ ወሰደን። ቤቱ ከዚራ ውስጥ ነው፣ ትልልቅ ዛፎች መንገዱን ያለበሱበት ሰፈር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሽርጥ አገልድመው በሩ ላይ ጠበቁን። «ግቢ እንጂ፣ ምን ቆመሻል?» አሉኝ። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማያበዛ ሰምቼ ነበር፤ ያም ሆኖ ደነገጥኩ። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጅቡቲ ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው። «ቤቱን ለሚኖርበት ሰው ብሰጥ ነው ደስታዬ» አሉ። ይህን ቃል ያኔ የደላላ ወሬ አድርጌ ነው የሰማሁት።

ቤቱን እንዴት ልንገራችሁ። ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚቀዘቅዝ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው። ግቢው ውስጥ አንድ ሎሚና ሁለት ፓፓያ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ለብቻዋ የተሠራች ትንሽ ኩሽና ሰማያዊ መስኮት ያላት። በረንዳው ላይ የገመድ አልጋ ነበር። ባሌ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠበት። እኔና ሽማግሌው ክፍሎቹን አይተን ስንመለስ ተጋድሟል። በጀርባው፣ ያለ ትራስ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፉ ተዘግቷል፣ እጁ ከአልጋው ጠርዝ ወርዷል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተጋድሞ አይቼው አላውቅም። እዚያው ቆሜ፣ ይህን ቤት የጠየቁኝን ሁሉ ከፍዬ እገዛዋለሁ ብዬ በልቤ ማልኩ።

ታዲያ ስለማልኩ ነው አፌን የከፈትኩት። የፈለገ ሰው ፍላጎቱን ካሳየ ተበላ፤ ይህን በልጅነቴ እንደ ፋቲሓ በቃሌ ነው የተማርኩት። ግድግዳውን በእጄ ጀርባ ቆረቆርኩ። «ይሄ ልስን እኮ ሰው ሲያስነጥስ ይረግፋል» አልኩ። ሽማግሌው ግድግዳውን አዩና «አርጅቷል፣ እውነትሽን ነው» አሉ። መርካቶ ውስጥ ማንም ሻጭ እውነትሽን ነው ብሎኝ አያውቅም። ደካማ ሻጭ አገኘሁ ብዬ ገፋሁበት። ሎሚው ጉንዳን ይስባል፤ በረንዳው የአቧራ ማጠራቀሚያ ነው፤ በሩ የእስር ቤት በር ይመስላል። እሳቸው አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ የነቀፍኩትን ነገር እንደ አዲስ ያዩታል። ኩሽናዋ ጋ ስንደርስ ወደ ውስጥ አንገቴን አስግጌ፣ «ይህችን የሠራ ሰው በሕይወቱ እሳት አንድዶ አያውቅም እንዴ? ኧረ ለፍየል ማደሪያም አትሆን!» አልኩ።

ዝም አሉ። በእኛ አገር ሻጭ ዝም ካለ ዋጋ እየወረደ ነው። ደስ አለኝ። ከጠየቁት በብዙ ዝቅ አድርጌ ዋጋ ጠራሁላቸው፣ መልስም ሳልጠብቅ ባሌን ቀሰቀስኩት። «ተነሥ፣ ይሄ ለኛ የሚሆን ቤት አይደለም» አልኩ፣ እሳቸው እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ለእሳቸውም «እንግዲህ ያስቡበት» ብዬ ወጣሁ።

ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፣ ደንቡን ጠብቄ። በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ቀሚሴን እያስተካከልኩ፣ ነጠላ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ መስዬ ቆም እያልኩ። ባሌ ከኋላዬ ነው። ሊዞር ሲል ክንዱን ያዝኩት። «ዞረህ እንዳታይ» አልኩት። አስፋልቱ ጋ ደረስን። ባጃጅ መጣ፣ አሳለፍኩት። ሁለተኛ መጣ፣ እሱንም አሳለፍኩት። ማንም አልጠራኝም። ሦስተኛው ላይ ደላላው «እናቴ፣ ፀሐይ ነው እኮ» ሲለኝ ገባሁ።

ሆቴል ሆነን ስልኬን በእጄ ይዤ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ባሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ ፓፓያ ይበላል፣ ሳል የለም። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ደላላው ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ መጣ። «ሰውዬው ለእናንተ አልሸጥም ብለዋል» አለ። ዋጋ ማስወደጃ መስሎኝ ሳቅሁ። ጨምርላቸው ብዬ መለስኩት። ተመልሶ መጣና፣ «አይ እናቴ፣ ጭራሽ ባሰባቸው» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ባሌን ሳልነግረው ብቻዬን ሄድኩ።

ሽማግሌው አላባረሩኝም። አስገብተው በዚያ የገመድ አልጋ ላይ አስቀመጡኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝ። የጠየቁትን ዋጋ እከፍላለሁ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዋጋ አይደለም። ያቺን ኩሽና ያሠራችው ባለቤቴ ናት። መስኮቱ ነፋስ ከየት እንደሚያስገባ፣ ምድጃው የት እንደሚሆን መሬት ላይ በከሰል ሥላ ነው ያሳየችኝ። ሠላሳ ዓመት በልቼባታለሁ። አንቺ ለፍየል አትሆንም አልሽኝ።»

«ወላሂ ስለወደድኩት ነው» አልኩ። «ቤቱን ገና ሳየው ነው የወደድኩት፤ እኛ ስንወድ እንዲህ ነን።»

እንደ እብድ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ በክፋት አይደለም። «የወደደ ሰው እንዲህ ይናገራል?» አሉኝ።

ስለ ባሌ ሳንባ ልነግራቸው ስጀምር እጃቸውን አነሡ። «አየሁት እኮ ሲተኛ። አንቺ ቀስቅሰሽ ወሰድሽው እንጂ እኔማ አንሶላ ላለብሰው ነበር» አሉ። «ትናንት ባልና ሚስት መምህራን መጡ። ሚስቲቱ ኩሽናዋ ውስጥ ገብታ 'እንዴት ደስ ትላለች' አለች። የሰጡኝ ካንቺ ያነሰ ነው። ቃሌን ሰጠሁ፣ አለቀ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእሳቸውም ቃል ወጥቷል፣ የእኔም።

በመመለሻው ባቡር ላይ ነው ለባሌ የነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን፣ «እኔ እኮ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ስትሰድቢው ይሰማኝ ነበር» አለኝ። «ግድግዳውን ስትሰድቢ ወደደችው አልኩ። ኩሽናዋ ጋ ስትደርሺ ተገዛ ብዬ፣ ያኔ ነው ልቤ አርፎ ጭልጥ ያልኩት።» ይህን ብሎ ፈገግ አለ። በዚህች ምድር ላይ አነጋገሬ የሚገባው አንድ ሰው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቤት የሚሸጥ አልነበረም። አዳማን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ሹራቡን መልሶ ለበሰ። ፉጨቱም ተመለሰ።

ልጄ «ለዘንድሮ ግዴለም፣ የሚከራይ ፈልጉና ሂዱ» አለች። ባሌም «እሺ እንሂድ» አለ፤ የሳል እፍረቱን ሳይቀር ለእኔ ሲል ተወው። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። እልህ ያዘኝ። ያንን ቤት የሚያስረሳ ሌላ ቤት አገኛለሁ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ስጡኝ አልኩ። ደላላ ሁሉ ላይ ጮህኩ። አንዱ ቤት ካርታ የለውም፣ አንዱ ወራሾቹ ተጣልተዋል፣ አንዱ ጎርፍ የሚገባበት ነው። ሁለት ሳምንቱ አራት ሆነ። ዝናቡ ቀደም ብሎ መጣ። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለስ ረጠበ፣ በሦስተኛው ቀን ሳንባው ተመታ። ሐኪሙ «አሁን የትም መንቀሳቀስ አይችሉም» አለ። ኦክስጅን ቤት ድረስ አስገባን።

ያን ክረምት ብርድ ልብስ እንዴት ተሸጠ መሰላችሁ። ልጄ ማታ መጥታ ስትነግረኝ ጆሮዬን መድፈን ያምረኝ ነበር።

እሱ አንድ ቀን እንኳ ያንን ቤት አላነሣብኝም። አንዴ ብቻ፣ ልጄ ፓፓያ ስታመጣለት ቀመሰና «የድሬው ይበልጣል» አለ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ «አይዞሽ፣ ሳይደግስ አይጣላም» ይሉኛል። ለእኔ የተደገሰልኝ ምን እንደሆነ እስካሁን አላየሁም።

የሽማግሌው ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የወደደ ሰው እንዲህ ይናገራል? አብረን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ደግ ቃል ብዬው አውቃለሁ ወይ ብዬ ወደኋላ ፈለግሁ። ሲያገባኝ «ሌላ ጠፍቶ ነው» ብያለሁ። የመጀመሪያ ልጃችንን ሲያቅፍ «ጣልከው፣ አያያዝ አታውቅ» ብያለሁ። ሐጅ ደርሶ ሲመለስ ልቤ ከደስታ ሊፈነዳ፣ «አጠቆረህ፣ ከሰል መስለህ መጣህ» ብዬ ነው የተቀበልኩት። ሁሉም ፍቅር ነበር። አንዱም ግን ፍቅር አይመስልም። አፌን ልለውጥ ወሰንኩ። ለቤቱ አልደረስኩም፣ ለሰውዬው ልድረስ አልኩ።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት። ከቀትር በኋላ በረዶ ጥሎ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለ። ልጄ ሱቅ ናት፤ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ትራሶቹን አስተካክዬለት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት። እጅ መያያዝም ልማዳችን አልነበረም።

«ስማኝ» አልኩት። «አንተ መልካም ሰው ነህ። ካንተ የተሻለ ባል አላየሁም። ካንተ ጋር በመኖሬ ደስ ብሎኛል።»

ደስ ይለዋል ብዬ ፊቱን አየሁ። ዓይኑ ፈጠጠ። የኦክስጅኑን ጭንብል በሌላው እጁ ከአፉ አነሣ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም፣ ወላሂ።»

«ታዲያ ለምን ታመሰግኚኛለሽ?» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። «መርካቶ ውስጥ ዕቃ አመስግኖ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የማይገዛው ሰው ነው።»

«ሂድ ወዲያ!» ልለው ፈለግሁ። ሊሰማ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ስድብ፣ እንደ ድሮው፣ ገና እንደምፈልገው የሚያውቅበት። አፌን ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠራው ይመጣ የነበረው ሁሉ ከድቶኝ፣ ከጉሮሮዬ ልቅሶ ብቻ ወጣ። እሱም ትንሽ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ጭንብሉን መልሶ አጠለቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።